ሳይገባኝ ያረምኩት ክፍተት

ልጆቼ፣ የዛሬውን ጉዴን ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰሙት ከራሴ ስሙት።

ፈጠን በሉ! የጽዋ ማኅበራችን እናት ወይዘሮ አስካለ ስልካቸውን ቻርጅ ላይ ሰክተዋል። ባትሪው እንደሞላ መጀመሪያ የኦሮራ ምእመናን፣ ቀጥሎም ዴንቨር በሙሉ መስማቱ አይቀርም።

ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። መቀመጥ አልቻልኩም። ከሳሎን ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ሳሎን እየተመላለስኩ በአንድ ጣት እተይባለሁ። የፊደል ግድፈት ብታገኙ እለፉኝ።

ደግሞም ዛሬ ስለ ግድፈትና ስለ እርማት የምናገርበት አፍ የለኝም። ምክንያቱን ትሰማላችሁ።

አዲስ ፎሎው ላደረጋችሁኝ፦ በዚህ ገጽ በየማለዳው አንድ የግእዝ ቃል ከነትርጉሙ የማካፍል ሽማግሌ ነኝ። ሰዎች መሪጌታ ይሉኛል። ከደብር ደብር ዞሬ ዜማውንም ቅኔውንም መጻሕፍቱንም ተምሬአለሁ። ብራና ፍቄ መጽሐፍ ገልብጫለሁ፤ የሌላ ሰው ግልባጭም አርሜያለሁ።

እዚህ አገር ደግሞ አየር ማረፊያው ፓርኪንግ መውጫ ላይ በመስኮት ትኬት ስቀበል ኖሬ ጡረታ ወጣሁ።

ጡረታ! ያለ ጥፋት መታሰር ማለት ነው።

ጸሎቴን አደርሳለሁ። ዳዊቴን እደግማለሁ። ቀና ብዬ ሰዓቱን ሳይ ገና ጠዋት ነው። በመስኮት ወደ ቻምበርስ ሮድ እመለከታለሁ፤ መኪናው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል፤ እኔ ብቻ የምሄድበት የለኝም። እናንተ ወጣቶች ይህን ዕረፍት ትሉታላችሁ?

እንግዲህ አንድ ቀን ዩቲዩብ ላይ ስብከት ሳዳምጥ ስብከቱ አለቀና ሳልነካው ወደ ሌላ ቪዲዮ አለፈ።

ሁለት ራቁታቸውን የቆሙ ዘንጎች፤ ከታች ተቀራርበው ከላይ የተራራቁ። ከሥራቸው አንድ ትራንስፎርመር። ከታች የብርሃን ክር ይወለዳል፤ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከጫፍ ሲደርስ ይበጠሳል። ወዲያው ደግሞ ከታች ሌላ ይወለዳል።

ፈረንጆቹ ምን ብለው ቢጠሩት ጥሩ ነው? የያዕቆብ መሰላል!

ፍረዱኝ። ኦሪትን ከነትርጓሜው የተማረ ሰው ይህን ስም ሰምቶ እንዴት ይቀመጣል?

አልተቀመጥኩም።

በዚያው ቀን የጎረቤቴን የሙስጠፋን በር አንኳኳሁ። ሙስጠፋ የመርካቶ ልጅ ነው፤ ቀን ቀን ሰው በመኪናው እያመላለሰ ይኖራል። ሃይማኖታችን ለየቅል ነው፤ አለመቀመጣችን ግን አንድ ነው። ቪዲዮውን አሳየሁት።

«ወላሂ መሪጌታ፣ ይሄ ነገር ይገድልሃል» አለኝ።

«ብቻዬን ብሠራው ነው የሚገድለኝ።»

«እኔን ደግሞ ልትጨምር ነው?» አለና ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ጀመረው።

ከሳምንት በኋላ ሊትልተን ውስጥ ሰው አሮጌ ዕቃውን ከሚሸጥበት ከአንድ ጋራዥ ሴል፣ ለሁለት የምንሸከመው ያረጀ ትራንስፎርመር ይዞልኝ መጣ። ልጄ ከሥራ ሳትመለስ የቤታችን ጋራዥ አስገባነው። እንደ ሌባ!

አሁን ነገሩን በቀላሉ ላስረዳችሁ። ትራንስፎርመሩ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ወስዶ ብዙ ሺህ ቮልት ያደርገዋል። ነገር ግን የእሳቱ ክር በዘንጎቹ መካከል በተወለደ ጊዜ፣ ትራንስፎርመሩ ሁለቱ ጫፎቹ በሽቦ የተገናኙ ያህል ይሆንበታል። ከግድግዳው የቻለውን ሁሉ መሳብ ይጀምራል። ልክ የማያውቅ በላተኛ በሉት።

ስለዚህ በመግቢያው ላይ አንድ ከልካይ ይቆምበታል። ኢንዳክተር ይባላል። በብረት ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። ኤሌክትሪኩ ወደ ትራንስፎርመሩ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው፤ እሱም «እስከዚህ ድረስ ብቻ» ይለዋል።

የምድጃ ሽቦ የመሰለ ነገር በመንገዱ ላይ ብናቆምም ይከለክል ነበር። ግን የከለከለውን ራሱ እየበላ በሙቀት ያባክነዋል። ኢንዳክተሩ ሳይበላ ይከለክላል።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ብቻዬን ተነሥቼ አጨበጨብኩ። ጾም ማለት ይህ አይደለምን!

ከልካዩን የምሠራው እኔ እንድሆን ተስማማን። ሙስጠፋ ከተበላሸ የብየዳ ማሽን ብረቱን አወጣልኝ፤ እኔ ሽቦውን ጠመጠምኩ። እያንዳንዱን ዙር በመቁጠሪያዬ እየቆጠርኩ፣ ዙር ከዙር ሳይነባበር፣ እንደ ጥሩ የመጽሐፍ ቆዳ ድጉስ አሳመርኩት። በመሐል በመሐልም ከሽቦው ቅርንጫፍ አወጣሁ። ከሁሉም ዙር ጋር ከተገናኘ አጥብቆ ይከለክላል፤ ከጥቂቱ ጋር ከተገናኘ ይለቅቃል። ንድፉ እንዲህ ነበር።

ልጄ ጽዮን ነገሩን ያወቀችው የመኪናዋን ዘይት ልታመጣ ጋራዥ የገባች ዕለት ነው።

ጽዮን ነርስ ናት። ሎውሪ በኩል ካለ ክሊኒክ ረጅም ሺፍት ትሠራለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ እሷና እኔ ብቻ ነን።

«አባዬ፣ አይ ካንት» አለችኝ ትራንስፎርመሩን እያየች። «ሥራ ላይ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ስላንተ ሊነግሩኝ ነው እያልኩ ነው የምደነግጠው።»

«እኔ ልጅ ነኝ እንዴ?»

«ልጅ ብትሆንማ ደይኬር እልክህ ነበር!»

ሁለታችንም ምን እንደተናገረች ሰምተናል።

ምክንያቱም የአረጋውያን መዋያ ወረቀት ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተለጥፎ ከከረመ ቆይቷል። ጠዋት ቫን መጥቶ ሽማግሌ ይለቅማል፤ ቀኑን ቢንጎ ያጫውታል፤ ከሰዓት በኋላ ይመልሳል። እኔ ደግሞ በየቀኑ ወተቱን ሳወጣ ወረቀቱን እንዳላየሁት አልፋለሁ።

«ኦኬ፣ ስማኝ» አለች በመጨረሻ። «ቅዳሜ የጽዋ ተረኛ እኛ ነን አይደል? ማኅበርተኛው ባለበት አሳየኝ። ሴፍ መሆኑን በዓይኔ ካየሁ ጋራዡ ያንተ ነው፣ ስለ መዋያው ሁለተኛ አላነሣም። አንድ ነገር ከተበላሸ ግን ሰኞ ቫኑ ይመጣል፣ ትገባለህ። ክርክር የለም።»

«በማኅበሩ ፊት?»

«አዎ፣ በማኅበሩ ፊት። ለእኔ ብቻ የገባኸውን ቃል ስንቴ አፈረስክ?»

እንግዲህ ውሉ ይህ ነበር፦ ወይ ጋራዥ፣ ወይ ቫን!

አሁን ወደ ጥፋቴ።

የኢንዳክተሩን አሠራር የተማርኩት አንድ የማላውቀው ሰው ኢንተርኔት ላይ ከጻፈው መመሪያ ነው። መመሪያው በአንድ ስፍራ «የብረቱ መጋጠሚያዎች ሁሉ ብርሃን እንዳያሳልፉ ሆነው ይግጠሙ» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «በዚህ መጋጠሚያ መካከል ግን ወፈር ያለ ካርቶን አግባ፤ ብረት ብረትን አይንካ» ይላል።

እርስ በርሱ ይጣላል!

ሙስጠፋ ከተምር ሳጥን ላይ ካርቶን ቆርጦ በተባለው ቦታ አስገባ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የተባለው ነዋ!»

«ለምን ተባለ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሰውዬው አድርግ ብሏል፣ አደረግኩ። አንተ ለሁሉ ነገር አንድምታ ካልተገኘ አይሆንልህም።»

አያችሁ፣ በእኛ ትምህርት አንድ መስመር ከሌላው ሲጣላ መምህሩ የሚታረቁበትን ይፈልጋል። እርቅ ካልተገኘ «ጸሐፊው አንቀላፍቶ ነው» ይባልና ይታረማል። እኔም በዘመኔ የስንቱን እንቅልፋም ጸሐፊ መስመር አቅንቻለሁ፤ ተመስግኜበታለሁም።

ስለዚህ ሙስጠፋ ወደ ሥራው በሄደበት ተቀምጬ ፈረድኩ። ይህም ሰው ከሌላ ሲገለብጥ አንቀላፍቶ ነው! ካርቶን ሊገባበት ከሆነ ብረቱ ብርሃን እስከማያሳልፍ ለምን ይገጠማል?

ካርቶኑን አወጣሁት።

ሁለቱን የብረት ገጾች በብርጭቆ ወረቀት አሻሸኋቸው። ገጠምኳቸው። ቡሎኑን እስኪያቅተኝ አጠበቅሁት። ፀጉር እንኳ የማያስገባ ሆነ! እንዴት ያምር ነበር!

ለሙስጠፋ አልነገርኩትም። ለእናንተ ግን ነገርኳችሁ።

ፎቶ አንሥቼ «የተሳሳተች አንዲት መስመር ነበረች፤ አቅንቻታለሁ» ብዬ ፖስት አደረግኩ። ላይክ አዘነባችሁብኝ። አንዱማ «የሊቃውንት ምድር!» ብሎ ሦስት እሳት ደረደረ። አንተ ልጅ፣ የት ነህ ዛሬ? እሳቱስ የት አለ?

ዛሬ ማኅበርተኛው መጣ። ጸሎት ተደረሰ፤ ጽዋው ዞረ፤ ተበላ። ሙስጠፋ ሻይውን ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል። እኔ ለእንግዳ እንጀራ አቀርባለሁ ብዬ በባዶ ትሪ ሰው መሐል ዞርኩ። ወይዘሮ አስካለ በትሪው ውስጥ ተመለከቱና «መሪጌታ፣ ይህ የትኛው ወጥ ነው?» አሉኝ።

አፋቸው አያርፍም።

በመጨረሻ ሁሉንም ወደ ጋራዥ አስገባሁ። ከቤት ወደ ጋራዥ የሚያስገባውን በር ማንም ከኋላ እንዳይመጣብኝ በጠረጴዛው ዘጋሁት። ትራንስፎርመሩና ዘንጎቹ ከጠረጴዛው ላይ ናቸው። ከፊታቸው ወፍራም መስታወት መሰል ፕላስቲክ ቆሟል። ከእግሬ ሥር ፔዳል አለ፤ ስረግጠው ይለኮሳል፣ እግሬን ሳነሣ ይጠፋል። የእሳቱ ክር በደንብ እንዲታይ ትልቁን የጋራዥ በር አወረድኩና አንዲት አምፖል ብቻ አስቀረሁ።

ጽዮን ሁሉንም ዞራ አየች። ፔዳሉን በእጇ ሞከረች። ፕላስቲኩን ገፋ አድርጋ አረጋገጠች።

«ኦኬ» አለች። «ይሄ ጥሩ ነው፣ አባዬ።»

ልቤ ዘለለች! ጋራዡ የእኔ ሆነ አልኩ።

እዚህ ላይ መርገጥ ነበረብኝ። ግን ይህን ሁሉ ሕዝብ አግኝቼ ዝም ልበል? ስለ ያዕቆብ ጀመርኩ። ከቤርሳቤህ አስነሣሁት፤ ወደ ካራን መንገድ አስገባሁት፤ ድንጋይ አንተራስኩት...

«መሪጌታ» አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ «ያዕቆብ እንኳ መሰላሉን ያየው ተኝቶ ነው። እኛንም ሊያስተኙን ነው?»

ሰው ሳቀ። እኔም እየሳቅኩ ረገጥኩ።

እምምምም...

ከዚያስ?

እምምምም ብቻ! ክር የለ፣ ብርሃን የለ፣ መሰላል የለ።

«ታየሽ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ምኑ?»

«እኔስ የሆነ ነገር ውል ያለብኝ መሰለኝ።»

«ዓይንህን ተመርመር!»

ሙስጠፋ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ከልካዩ ከልክ በላይ እየከለከለ ነው። ካርቶኑ ተጨምቆ ይሆን?»

«ካርቶን የለም።»

«የለም ስትል?»

«አርሜዋለሁ።»

«ምን አደረግከው?»

«አታንሾካሹክ፣ ሰው ያየናል።»

ጽዮን ወደ እኔ መጣች። ቃሏን ልንገራችሁ፤ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

«አባዬ፣ ሌላ ቀን ይሁን» አለችኝ በቀስታ። «አልሠራም እንጂ አልተበላሸም። ይሄን አልቆጥረውም። አይ ፕሮሚስ።»

በሩን ከፍታ ሰጠችኝ! ሻይ አስቀድቼ፣ ቡሎኑን ፈትቼ፣ ካርቶኑን መልሼ በሳምንቱ ብጠራቸው ምን ነበረበት? ማን ቀረበት?

እኔ ግን ያን ሁሉ ዓይን ተሸክሜ ሳምንት መቆየት አልቻልኩም። ደቂቃም አልቻልኩም። እግሬ ውስጥ ጉንዳን የገባ ይመስል ነበር።

«ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ» አልኩ።

ይህቺን ቃል የምታውቋት ታውቋታላችሁ!

ሶኬቱን ነቀልኩ። መልሼ ወደ ጠመጠምኩት ሽቦ ሄድኩና መስመሩን ጥቂት ዙር ወዳለው ቅርንጫፍ አዛወርኩት። «ከልካዩ ከበዛ እንቀንሰው» ብዬ ነው። ብልሃተኛ! ሙስጠፋ ራሱን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። ሶኬቱን መልሼ ሰካሁ።

ረገጥኩ።

ተወለደ! ልጆቼ፣ በዓይኔ አየሁት! ሐምራዊ ክር ከዘንጎቹ ሥር ብቅ አለ፤ አንድ ስንዝር ያህል ወጣ፤ ከኋላዬ «ውይ!» ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ ብረቱ እንደሚታረድ በሬ አጓራ።

ጧ!

ጨለማ!

አምፖሉም ክሩም ጠፋ። ብሬከሩ ወርዷል። እኔ ደግሞ ስደነግጥ መነጽሬ ከአፍንጫዬ ወርዶ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ጎንበስ ብዬ በእጄ ወለሉን መዳበስ ጀመርኩ።

እዚያ ከጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ሳለሁ ነገሩ ተገለጠልኝ።

ብረት መግነጢስን የሚሸከመው እስከ ልኩ ነው። ልኩ ከሞላ ከዚያ ወዲያ ከልካይነቱ ያበቃል፤ በሩን ወለል አድርጎ ይለቅቀዋል። ያቺ የካርቶን ውፍረት ያላት ክፍተት ነበረች ብረቱን ቶሎ እንዳይሞላ የምትይዘው፤ በልኩ እንዲከለክል፣ በልኩም እንዲያሳልፍ። እኔ ደፈንኳት። ስለዚህ በብዙ ዙር ጨርሶ ጨቋኝ ሆነ፤ በጥቂት ዙር ደግሞ ወዲያው ሞልቶ ጎርፉን ሁሉ ለቀቀው። በሁለቱ መካከል የነበረውን ስፍራ በገዛ እጄ አጥብቄ አስሬዋለሁ።

መስመሮቹ አልተጣሉም ነበር። ሌላው መጋጠሚያ ሁሉ የሚጠብቀው ይህቺ አንዲቷ ክፍተት በልክ እንድትታወቅ ነው! ጸሐፊው አላንቀላፋም። ያንቀላፋሁት እኔ ነኝ።

እንዴት ያለ ጥሩ ትርጓሜ ነው! እያልኩ በጨለማው ውስጥ ተመሰጥኩ።

«አባዬ!»

ሰማኋት። ግን ሐሳቡን ልጨርሰው ብዬ...

«አባዬ! አባዬ!» ወንበር ተገለበጠ። ሰው ጮኸ። «ዳዲ! ዳዲ!»

ከሕፃንነቷ ወዲህ ዳዲ ብላኝ አታውቅም።

አሁንም አልመለስኩም። እውነቱን እነግራችኋለሁ፤ መነጽሬን እየዳበስኩ ስለ ክፍተቱ እያሰብኩ ነበር።

ከዚያ በጨለማው ውስጥ አንድ እጅ ትከሻዬን አገኘ። ወደ አንገቴ ወጣ። ሁለት ጣቶች ከመንጋጋዬ ሥር ተጫኑ። ነርስ ናት። የልብ ትርታ ነው የምትፈልገው።

ትርታውን አገኘችው፤ ጣቶቿን ግን አላነሣችም።

«አለሁ» አልኩ። «ካርቶኑ ልክ ነበር።»

በዚያች ሰዓት ልለው የምችለው ሌላ ቃል አልነበረምን? ሞልቶ! ግን ያልኩት እሱን ነው።

«ብርሃን ሊያሳዩን ጠርተው ጨለማ አሳዩን!» አሉ ወይዘሮ አስካለ ከወዲያ በኩል። «በሩን የሚከፍት የለም?»

የትልቁ በር ሪሞት አይሠራም፤ የበሩ ሞተርም ከዚያው ብሬከር ላይ ነው። የውስጡ በር ከጠረጴዛው ኋላ ነው፤ ወደ ጠረጴዛው ደግሞ የሚጠጋ አልተገኘም። ማኅበሩ በሙሉ ተቆልፎበታል! አንዱ «አቡነ ዘበሰማያት» ጀመረ። ሌላዋ «ዋይፋዩም ጠፍቷል እኮ!» ብላ ጮኸች። ያን ጊዜ ነው ወይዘሮ አስካለ ላይቭ ሊገቡ ሲሞክሩ እንደነበር ያወቅሁት። ለዚህስ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

በመጨረሻ ሙስጠፋ በስልኩ መብራት ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን፣ በሩን ከሞተሩ የሚያላቅቀውን ቀይ ገመድ አግኝቶ ሳበና በሩን በትከሻው አነሣው።

የቅዳሜ ከሰዓት ፀሐይ ወደ ውስጥ ገባ።

ነጠላ የለበሰ ማኅበር ዓይኑን እያሸ ወደ መኪና ማቆሚያው ፈሰሰ። ከመንገዱ ማዶ ሣር የሚያጭደው ፈረንጅ ማሽኑን አጠፋና ቆሞ አየን። ከዚያ እጁን አነሣልን። እኛም አነሣንለት። ምን እናድርግ?

ወይዘሮ አስካለ መኪናቸው ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ዞር አሉ። «መሪጌታ፣ እኔስ እስከ ሁለተኛው ደረጃ ወጥቼ ነበር» አሉኝ። «ከዚያ ነው የጣሉኝ።»

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጽዮን ኩሽና ውስጥ ብርጭቆ ታጥባለች። እኔ ከኋላዋ ወዲያ ወዲህ እላለሁ።

«አልተጎዳሁም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ብሬከሩ ሥራውን ሠራ። ፔዳሉም፣ ፕላስቲኩም...»

«አውቃለሁ አባዬ። እሱን አይደለም።» ውኃውን ዘጋችው። «ስጠራህ ለምን ዝም አልክ?»

ልጆቼ፣ እኔ ማኅሌት ቆሜ ሌሊቱን በሙሉ ሳዜም ያደርኩ ሰው ነኝ። ለዚህች ጥያቄ ግን ያገኘሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው።

«እያሰብኩ ነበር።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ክፍተቱ።»

ሳቀች። ሳቁ በመሐል ተሰበረና በእርጥብ እጇ ፊቷን ሸፈነች። «እኔ ከሥራ ስመጣ ያን ጋራዥ ስከፍት ምን እንደማገኝ አላውቅም። በየቀኑ በሩ ጋ ቆሜ ድምፅህን እስክሰማ እጠብቃለሁ። ዛሬ ያ ነገር የደረሰ መሰለኝ፣ ገባህ?»

አንዲት ካርቶን ለምን እንደምታስፈልግ ያን ሁሉ ጊዜ ስመረምር፣ ይህቺ ልጅ በር ላይ ቆማ የእኔን ኮቴ እንደምታዳምጥ አላወቅሁም። መቼ ቀና ብዬ አይቼ!

ክርክር የለም ብላ ነበር። አልተከራከርኩም።

እሺ፣ ትንሽ ተከራከርኩ።

«ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ትሄዳለህ» አለችኝ። «በሌላው ቀን ጋራዡ ያንተ ነው፤ ጋሽ ሙስጠፋ አብሮህ ካለ ብቻ።»

«ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ምሳቸውን ምን ላደርገው ነው?»

«የጾም አላቸው። ደውዬ ጠይቄአለሁ።»

«መቼ ጠየቅሽ?»

ውኃውን መልሳ ከፈተችው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ሙስጠፋ መልእክት ላከ፦ «ጠባቂህ አደረገችኝ አሉ። ሰው አገር ጥሎ እዚህ ድረስ የመጣው ሽማግሌ ሊጠብቅ ነው?» ብሏል። ቀጥሎም «ማክሰኞ መቼ እንጀምር?» አለ። መልእክቱን አልሰረዝኩትም።

ትምህርቱ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ያልገባችሁን መስመር ከማረማችሁ በፊት ለመስመሩ አንድ ሌሊት ስጡት። ልጃችሁ በጨለማ ስትጠራችሁም መጀመሪያ አቤት በሉ፤ ትርጓሜው ይደርሳል።

የኋለኛውን ዛሬ ነው የተማርኩት፤ ከዚህ ሁሉ ትምህርት በኋላ!

ሰኞ ጠዋት እንግዲህ ቫኑ በር ላይ ይቆማል። መቀመጫ አለው። ቀበቶም አለው። ቢንጎ አለ። ዳማም አለ ብለውኛል።

ወላጁን ወደዚያ መዋያ የሚልክ ከመካከላችሁ ካለ ግን አንድ ነገር በኮመንት ይንገረኝ፤ ጽዮን ሳታየው ቶሎ አጠፋዋለሁ፦ ከምሳ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ስንት አምፔር ይችላል?